አፍ ሙሉ ስፒል

ቁጭ በሉ እስቲ ሁለታችሁም፣ አትቁነጥነጡ፣ አፌ ሙሉ ስፒል ነው፣ አንዷን ብውጥ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ፣ ማለቷ ነው ታፖሎጎ፣ ግን ከንፈሩን ስፒል ላይ ከገጠመ ሰው የሚወጣው እምም፣ እምም ብቻ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ገብቷቸዋል፣ ራክጋዲ እምም ካለች ቁጭ ነው። ራክጋዲ የአባት እህት ናት። በሞሹፓ የአባት እህት እንደዋዛ የምትታይ ሰው አይደለችም፣ በተለይ ዛሬ፣ የወንድሟ ልጅ በምትዳርበት ቀን፣ እና ይኸው ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአበባ ያዦቹን ነጭ አንገትጌ ትሰካለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ቀና ስትል ኮቱ። በሩ ላይ። አልሄደም።

ጥቁር ኮት፣ ሚስማሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፣ ገና ጎህ ሲቀድ ወንድሟ ነው ያመጣው፣ ራ ሴቱንያ፣ የሴቱንያ አባት ማለት ነው፣ እዚህ ሰው በበኩር ልጁ ስም ነው የሚጠራው፣ ሰቀለው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮቱን እንጂ እሷን አላያትም፣ ለዛሬ ብቻ አለ፣ ከሴሮዌ የሚመጡት የሙሽራው ሰዎች ወግ አጥባቂ ናቸው ታውቂያለሽ፣ በረቱ ጋ ወንዶቹ መሀል ከጎኔ የሚቀመጥ ወንድም ያስፈልገኛል፣ አባታችን የለም፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ፣ ሁለት ሰዓት ቢበዛ ሦስት፣ ከዚያ ቀሚስሽን ትለብሻለሽ። ወንድም ያስፈልገኛል፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ። በአንድ ትንፋሽ። ሰውየው የሚናገረውን ጆሮው አይሰማም እንዴ፣ እሷ እንደሁ መመለስ አልቻለችም፣ ያኔም አፏ ሙሉ ስፒል ነበር፣ ሞሹፓ ውስጥ እንደሷ የሚያወራ የለም፣ ሬዲዮኗ ነው የሚሏት፣ መናገር ባለባት ሰዓት ግን ሁልጊዜ ስፒል።

ደግሞ እኮ ኮቱ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ኮቱ ያናድዳታል። በሌላ ሰው ነው ያሰፋው፣ እሷ ሃያ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ሰው ስታለብስ የኖረችው ልብስ ሰፊ እዚህ ቁጭ ብላ፣ ተደብቆ ሎባትሴ ድረስ ሄዶ፣ ትከሻው እንደ በር፣ ወገቡ እንደ ከረጢት፣ ማንን ለክቶ ነው፣ እሷን አልለካትም፣ ከጭንቅላቱ ነው የለካው፣ የዛሬ አስራ አንድ ዓመቱን ሰው፣ ወንድ ተወለደ ተብሎ እልል የተባለለትን፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ወንድ ነኝ ለማለት ሲታገል የኖረውን፣ ያንን ሰው ለክቶ አሰፋ። ያ ሰው እኮ የለም። ለነገሩ ያኔም አልነበረም፣ እሷ ነበረች፣ ኮት ውስጥ ተደብቃ።

ራክጋዲ ወጋሽኝ። እምም። ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ እምም።

ወንድሟ ክፉ ቢሆን በስንት ጣዕሙ፣ ክፉ ሰው ላይ በር ይዘጋል፣ አበቃ። ይሄ ግን ክፉ አይደለም፣ ሴት ነኝ ብላ አፏን የከፈተች ቀን ዘመዱ ሁሉ ጣራ ጣራውን ሲያይ እሱ ብድግ ብሎ ወጥቶ ግቢውን ውሃ አጠጣ፣ ሙሉ ግቢውን፣ ድንጋዩን ሳይቀር፣ ከዚያ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባና ታዲያ ምን ብዬ ልጥራሽ አላት። ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አንዴም አልተሳሳተም፣ መታወቂያዋን ልታስለውጥ የሄደች ቀን እንኳ ጸሐፊው ፎቶውን አይቶ እሷን አይቶ ደግሞ ፎቶውን ሲያይ፣ እህቴ ናት ምን ያስፈጥጥሃል ብሎ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደረገው እሱ ነው፣ ለማያውቀው ጸሐፊ እህቴ ናት ያለ ምላስ የሚያውቁት ሰዎች ፊት ሲደርስ ይተሳሰራል፣ ከደፉ ወዲህ እህቱ፣ ከደፉ ወዲያ ወንድሙ፣ ደፉ ላይ ስትቆምስ፣ ደፉ ላይ ማን ናት፣ የበር መቃን?

ሴቶቹስ ቢሆኑ። አስራ አንድ ቀሚስ ለአስራ አንድ የቤተሰቡ ሴቶች፣ ከአንድ ጣቃ ሌቴይሲ፣ ያ ሰማያዊ የሰርግ ጨርቅ፣ ሲመጣ በአሚዶ ደርቆ እንደ ካርቶን የሚቆመው፣ ሦስቴ ካልታጠበ የማይለዝበው፣ ጣቷ እስኪላጥ ያጠበችው እሷ፣ የለካችው እሷ፣ እዚችው ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ እየገቡ፣ በሩን ዝጊው እያሉ፣ በውስጥ ልብስ ቆመው፣ ሜትሩ ደረታቸውን ሲዞር ትንፋሻቸውን እየያዙ፣ ሆዴን ደብቂልኝ፣ ጡቴን ከፍ አድርጊልኝ፣ ባሌ እኮ ዘንድሮ እንዲህ ሆነ፣ ሐኪሙ እኮ ማህፀንሽ እንዲህ ነው አለኝ፣ ያልነገሯት ጉድ የለም፣ ያኔ አንዷም ወንድ አለ ይውጣ አላለችም። ሲለኩ ሴት ናት፣ ሲቀመጡ ወንድ።

ደግሞ ማ ፔሎ፣ ጎረቤቷ፣ ከጎኗ ከገባች ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ አንተ ማለትም አልፈለገች አንቺ ማለትም አልሆነላት፣ አንቱ አለቻት፣ ከእሷ በአስር ዓመት የምታንሰውን ሴትዮ፣ ልብስ ሰፊያችን እንዴት አደሩ፣ ልብስ ሰፊያችን ጨው ይኖርዎታል፣ አጥር ተደግፋ እንዲህ ስትደክም ላያት ያሳዝናል፣ ሰው ያከበረች ይመስለዋል፣ አጥር እየዘለለች ነው እንጂ፣ አንቺ ብትይኝ እኮ ምንሽ ይጎድላል፣ ሦስት ዓመት የፈጀሽውን ጉልበት ጉድጓድ ብትቆፍሪበት ውሃ ይወጣ ነበር።

በሩ ተበረገደ፣ ኮቱ ተወዛወዘ፣ ሴቱንያ፣ ሙሽራዋ ራሷ፣ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ። ራክጋዲ ለምን አልለበስሽም፣ ሰዓቱ ደርሷል እኮ። እምም። ይሄ ኮት የማነው። እምም። የአባዬ ሥራ ነው አይደል፣ አትንገሪኝ ገባኝ። ስሚኝ ራክጋዲ፣ ሻሉን ትከሻዬ ላይ የምትሰኪው አንቺ ነሽ፣ ሌላ ራክጋዲ የለኝም፣ አንቺ ካልገባሽ ምንጣፉ ላይ አልቀመጥም፣ በዚህ በግማሽ ፀጉሬ ነው መንገዱን ይዤ የምሄደው። ትሄዳለች ደግሞ። ያሳደገቻትን ታውቃታለች፣ ጀርባዋ ላይ ነው ያደገችው፣ ያኔ መንደሩ ወንድ ልጅ ሕፃን ያዝላል እንዴ እያለ ሲስቅ እሷ አዝላት ውሃ ትቀዳ ነበር፣ ያች ጀርባዋ ላይ ለሃጯን የምታዝረከርክ ልጅ ናት እንግዲህ ዛሬ ምንጣፍ ላይ የምትቀመጠው፣ ባለ ዳር መስመሩን ወፍራም ሻል የምትደርበው፣ የሚስትነት ሻል ነው፣ በቤታቸው ወግ ትልቁን መርፌ ቁልፍ ትከሻዋ ላይ የምትሰካው የአባቷ እህት ናት፣ ከዚያ ሴቶቹ በሩን ዘግተው ይመክሯታል፣ ስለ ባል፣ ስለ አማት፣ ስለ መኝታ፣ እዚያ የተባለ ነገር ከክፍሉ አይወጣም። መርፌ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ሆነው ኪሷ ውስጥ ካደረ፣ ሲጨንቃት ትዳብሰዋለች።

ሂዱ ልጆች፣ አለቀ፣ ቀሚሱ እንዳይቆሽሽ። እምም ሳይሆን በአፏ። ሰባቱን ስፒል አንድ በአንድ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው፣ ምላሷ ብረት ብረት ይላል፣ ጨርቁን ከስፌት መኪናው ላይ ገለጠች፣ አስራ ሁለተኛው ቀሚስ፣ የራሷ፣ አጠለቀችው። ወገቡ ልክ ነው። ልክ ይሆናል እንጂ፣ የለካው ማን ሆኖ።

አልለበስሽውም። ወንድሟ ነው፣ በሩ ላይ። አልለበስኩትም። መኪናዎቹ ታጥፈዋል፣ ጥሩምባው አይሰማሽም። ይሰማኛል። ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ሰው ፊት ማን ነኝ ራ ሴቱንያ። ንገረኛ፣ ሰው ፊት ማን ነኝ። አንቺ ነገር ማክረር ትወጃለሽ፣ አንድ ቀን ነው የለመንኩሽ፣ አንድ ቀን። የእናታችን ቀብርም አንድ ቀን ነበር። ኮት ለብሰሽ ወንዶቹ ጋ ቁሚ አልከኝ፣ ቆምኩ፣ አፈር መለስኩ፣ ሴቶቹ ፍራሹ ዙሪያ ቁጭ ብለው እናቴን ሲያለቅሷት እኔ በረቱ ጋ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ፣ እናቴን አላለቀስኳትም፣ ያንን አንድ ቀን ሰጥቼሃለሁ፣ ሁለተኛ የለኝም።

ጮኸች እንዴ፣ ጮኻለች መሰለኝ፣ እሱ ግን መሬት መሬት እያየ ነው፣ የት ትቀመጫለሽ ታዲያ ይላታል። ሴቶቹ ጋ። ቢያስወጡሽስ። ሦስት ቀን መርፌ ቁልፍ ስትዳብስ የከረመችው ይሄን ጥያቄ ፈርታ ነው። ከጎኔ ማን ይቀመጣል፣ አለ ደግሞ፣ በቀጭን ድምፅ፣ አባታቸው የሞተ ጊዜ በነበረው ድምፅ፣ ክራቫቱ ተጣሞ ታስሯል፣ ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው ይሄ፣ እጇ ሳያስፈቅዳት ሄዶ ፈታው፣ እንደገና አሰረው፣ አንገትጌውን አቃናው፣ እንዲህ ተናዳበት እንኳ እጇ ያቃናዋል፣ ይሄም ያናድዳል። አንገቱን ሰጥቷት ቆመ፣ ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም፣ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደው፣ ክንዱ ላይ ጣለው፣ ሄደ።

ግቢው ሰው ነው፣ ድንኳን፣ አቧራ፣ ዘፈን፣ ወንዶቹ ከበረቱ ጎን ትልልቁን ብረት ድስት ከበው በጨውና በውሃ የተቀቀለውን ስጋ በእንጨት ይወቅጣሉ፣ ዱብ ዱብ፣ አንዱ ቀና ብሎ አያት፣ ዱብ፣ አየኝ ይበለው፣ ቀጥ በይ፣ ቀሚሱን የሰፋሁት አጎንብሼ ልሄድበት አይደለም፣ አርባ እርምጃ ነው፣ ሠላሳ፣ ቢያስወጡሽስ፣ ሃያ፣ ቢያስወጡሽስ፣ በሩ።

ዘፈኑ ቆመ። አስራ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ምንጣፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ወደ እሷ ዞረ፣ የራሷ ስፌት ሁሉ ተሰብስቦ አፈጠጠባት፣ ያች የግራ ትከሻዋ ዝቅ የሚለው፣ ያች ከጎን ሁለት ጣት የለቀቀችላት፣ መሀል ላይ ሴቱንያ፣ ራቁት ትከሻዋን ይዛ፣ ከራስጌዋ ደግሞ ማ ጋኦኔ፣ የነታፖሎጎ አባት አክስት፣ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፣ የሴቶቹ ሁሉ አለቃ፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። ምን ቆመሽ ታፈጥጫለሽ፣ አሉ ማ ጋኦኔ፣ ልጅቷን ብርድ ሊገላት ነው፣ ስኪላት እንጂ።

ስኪላት። ስኪላት አሉኝ እኮ። ተንበረከከች፣ ሻሉ ከበደ፣ ደረበችላት፣ ዳሩን ከዳር አገጣጠመች፣ ሃያ ዓመት ስፒል የሰካ እጅ የራሷን አውራ ጣት ወጋ፣ አልተሰማትም፣ ቀጭ፣ ገባ። እልልታው ጣራውን አነሳው፣ ሴቱንያ በጆሮዋ ራክጋዲዬ አለቻት፣ በቃ፣ ለዚህ ነው፣ አሁን ቁጭ ማለት ብቻ፣ ከሙሽራዋ በስተቀኝ ቦታው ክፍት ነው፣ ቀሚሷን ሰብስባ ዝቅ ስትል

አንቺ። ማ ጋኦኔ ናቸው። የት ነው የምትቀመጪው። እዚህ እማማ። ውጪ።

ይኸው። መጣ። ወንድሟ ትክክል ነበር፣ ሁሉም ትክክል ነበሩ፣ እንድትሰካ ፈቀዱላት እንጂ፣ ለእጇ እንጂ ለሷ አይደለም፣ አሁንም ሲለኩ ሴት፣ ሲቀመጡ፣ አይ፣ ዛሬስ አፌ ውስጥ ስፒል የለም፣ አስራ አንድ ዓመት የታመቀው ሁሉ ምላሷ ላይ መጣ፣ እማማ እኔ የሷ ራክጋዲ ነኝ አለች፣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ እኔ እዚህ የመቀመጥ

ራክጋዲ መሆንሽን ማን ጠየቀሽ፣ አሉ አሮጊቷ፣ ስትሰኪ አይደል እንዴ ያየንሽ፣ እውር መሰልኩሽ። አግብተሻል? ምን። አግብተሻል ወይ ነው ያልኩሽ፣ ሻል አለሽ? የለኝም ግን ዘጠኝ ዓመት ከኦሌቢሌ ጋ እየኖርኩ። ኦሌቢሌ የጥሎሽ ላም አምጥቷል? አላመጣም። ላም ያላመጣ ወንድ እንግዳ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት እንግዳ ታበያለሽ እንጂ አላገባሽም። ምክር ላይ ያላገባች ሴት አትቀመጥም፣ ታላቅ እህቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስልሳ ዓመቷ እያለ ከዚሁ ክፍል አስወጥቻታለሁ፣ እያለቀሰች ነው የወጣችው፣ አንቺን ምን ልዩ አደረገሽ። ሂጂ ከልጃገረዶቹ ጋ ሳህን እጠቢ።

አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም። ማ ፔሎ ከሁሉ ብሳ ሆዷን ይዛ፣ ውጪ ተብለሻል እኮ አንቺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ አለቻት፣ አንቺ፣ አንቺ አለች፣ ሦስት ዓመት አጥር ስትዘል የኖረች ሴትዮ በሳቅ መሀል አምልጧት መሬት ወደቀች፣ መውደቋንም አላወቀችም።

እና ይኸው ታፖሎጎ ግቢ መሀል ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ እጇ እስከ ክንዷ አረፋ ውስጥ፣ ታጥባለች። ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ፣ ቆይ፣ ማነው አሁን ያሸነፈው፣ አርባ ሦስት ዓመት ለመግባት ታግላ፣ ገብታ፣ ተባረረች፣ ግን እኮ በትክክለኛው ምክንያት ነው የተባረረችው፣ ትክክለኛ ነው እንዴ፣ ምን ትክክለኛ አለው፣ ማን ነው ላም የሚያመጣልኝ፣ የኦሌቢሌ እናት ስሜን እንኳ አትጠራም፣ ያቺ ሴትዮ በኔ ጉዳይ አንድም የላም ቀንድ አታነቃንቅም፣ ይሄን አሮጊቷ ያውቃሉ፣ እያወቁ ነው ያስወጡኝ፣ እያወቁ ነው እንደ እህታቸው፣ ስልሳ ዓመቷ እያለ፣ እያለቀሰች፣ ሳህኑን ፈትጋ ፈትጋ አበባው ሊለቅ ነው፣ ልስቅ ነው ላለቅስ ነው ሆዴ አልለየም። አንቺንም አስወጡሽ ራክጋዲ፣ ትላታለች ከጎኗ ያለችው፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆን ነው፣ የዝንጅብል መጠጥ ብርጭቆ እያለቀለቀች። አንቺንም። አስወጡኝ ልጄ፣ አላገባሽም አሉኝ። እኛንም እኮ፣ ነገ ሲያገቡን ምን እንደምንሠራ እንኳ አያሳውቁን፣ አለች ልጅቷ፣ ተናዳ፣ የምሯን፣ እና ታፖሎጎ አረፋውን ነስንሳባት ሳቀች፣ አሁንም እንደተናደደች።

ከዚያ ቀና ስትል ኮቱ። በረቱ ጋ ነው፣ ወንበር ላይ። ወንድሟ መሀል ተቀምጧል፣ ከጎኑ ባዶ ወንበር፣ ኮቱን መደገፊያው ላይ አልብሶታል፣ ያ የሌለ ሰው ትከሻውን ነፍቶ ተቀምጧል ከሴሮዌ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት፣ ወይ አንተ ሰው፣ ወንበሩን እንኳ ባዶውን መተው አቃተህ፣ ሆዷ ደግሞ ይባባል፣ ለምን ይባባል፣ አይባባ። አንዱ ሽማግሌ በአገጩ ወደ ሳፋው ጠቆመ፣ ቃሉ ይሰማል፣ ጠጋ ያለ ነው፣ ያቺ ረጅሟ ማናት፣ ቀሚሷ የቤተሰቡ ነው። እጇ አረፋው ውስጥ ቀረ። ራ ሴቱንያ ወደ እሷ አየ። ወደ ኮቱ አየ። እሷማ፣ አለ፣ እሷማ፣ እሷ፣ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በል እንግዲህ፣ በል፣ ጸሐፊው ነው ብለህ አስበው፣ ምን ያስፈጥጥሃል በለው፣ አንድ ቃል ናት፣ ድንጋይ ውሃ ያጠጣህ ሰው

ራክጋዲ። ከሴቶቹ ክፍል መስኮት፣ ማ ፔሎ ናት፣ ግማሽ አካሏ ወጥቶ፣ በዚያ በሰርግ ድምፅዋ፣ አንቺ ራክጋዲ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ብብቱ ላይ ተተርትሯል፣ መርፌሽን ይዘሽ ቶሎ ነይ፣ ማ ጋኦኔ ለስፌት ትግባ ብለዋል። ግቢው ሁሉ ሰማ። ድስት የሚወቅጡት ሰሙ፣ በረቱ ሰማ፣ የሴሮዌው ሽማግሌ አሃ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ የአባቷ እህት ናት ለካ አለ። ተተርትሯል? የኔ ስፌት? የኔ ስፌት በሃያ ዓመት ተተርትሮ አያውቅም፣ ይቺ ልጅ ቀዳዋለች፣ በጥርሷ ነው የበጠሰችው፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፣ አዲሱ ቀሚስ ላይ፣ ወንድሟ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳው፣ ለሁለት አጠፈው፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ ወደ ሽማግሌው ዘንበል አለ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ምን አለ፣ እልልታው ነው የማያሰማው፣ ራክጋዲ ቶሎ በይ እንጂ ሙሽራዋ ራቁቷን ናት፣ መጣሁ፣ መጣሁ አልኩ እኮ፣ ቆይ አንድ ጊዜ፣ ይሄ ሰውዬ ምን እንዳለ ልስማና